ወረንጦዋን የምትፈታው መቼ ነው? የአማራ ክልል ቀበሌዎችና ያላለቀው የትራኮማ ዘመቻ

በጎጃም፣ በጎንደር፣ በዋግና በወሎ ገጠር ከማተቧ ጎን ወረንጦ ያንጠለጠለች እናት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ወረንጦው የመንደር ቀጥቃጭ ከብረት ቁራጭ የሠራው፣ ከጣት የማይረዝም ነገር ነው። ዓይኗ እሾህ እንደገባበት ሁሉ ሲቆጠቁጣት ብርሃን ወዳለበት ደጅ ትወጣና ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍቷን በልጇ ወይም በጎረቤቷ እጅ ታስነቅላለች። ለጥቂት ቀን እፎይ ትላለች። ክፋቱ የወረንጦው ሁለት ጫፎች በደንብ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ጸጉሩን ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ መሐል ላይ ይሰብሩታል። ተሰብሮ የቀረው ጉቶ አጭር፣ ደረቅና ሹል ስለሆነ ከረጅሙ ጸጉር ይበልጥ ብሌኑን ይቧጭራል። ከዓመታት በኋላ ብሌኑ ነጭ ሆኖ ይደፈናል። የጠፋው ብርሃን ከዚያ ወዲያ አይመለስም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን በሕፃንነት ነው። ትራኮማ፣ በልማድ የዓይን ማዝ የሚባለው በሽታ፣ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ከሕፃኑ ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ አይናርና ንፍጥ በሚጠረግበት የነጠላ ጫፍ፣ በጋራ መኝታና በዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። የሚያሳውረው መደጋገሙ ነው፤ የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ በተደጋጋሚ ሲቆስል ይጠባሳል፣ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ሽፋሽፍቱም ከቆቡ ጋር ይታጠፋል። ሐኪሞች ትሪኪያሲስ የሚሉት ይህን ነው። ሴቶች በዚህ በሽታ የሚታወሩበት መጠን ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። ሕፃናቱን አቅፈው የሚውሉት፣ አብረዋቸው የሚተኙትና ፊታቸውን የሚጠርጉት እነሱ ስለሆኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጋግመው ይያዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ፣ ማለትም ገና ያልጠገገ የቆብ ቁስለት፣ እንዳለባቸው አሳየ። የሀገሪቱ አማካይ 40 በመቶ ገደማ ነበር። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ የክልሉ ነዋሪዎች ደግሞ 5.2 በመቶው ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሷል። ይህን ወደ አንድ ቀበሌ እናውርደው። 5,000 ነዋሪ ባለው ቀበሌ 2,700 ያህሉ ከ15 ዓመት በላይ ቢሆኑ፣ ሽፋሽፍታቸው ዓይናቸውን የሚወጋቸው ሰዎች ወደ 140 ይጠጋሉ ማለት ነው። በየጎጡ አሉ።

ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ትልቅ ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አብሮት የቆየው የአሜሪካው በጎ አድራጎት ድርጅት ካርተር ማዕከል፣ የላየንስ የበጎ አድራጎት ክለቦችና መድኃኒቱን በነጻ የሚለግሰው ፋይዘር በአንድ ወገን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሴቶች ልማት ቡድኖች፣ ቄሶች፣ መምህራንና የቀበሌ አመራሮች በሌላ ወገን ሆነው በዓለም ካሉት ሁሉ ትልልቅ ከሚባሉት የትራኮማ ዘመቻዎች አንዱን አካሂደዋል። ሆኖም ከ5 እስከ 8 ዓመት ያህል ክኒን ከታደለ በኋላ እንደገና ሲለካ ከ4 የክልሉ ሕፃናት አንዱ ያህል አሁንም የበሽታው ምልክት ነበረበት። ሞሮኮ፣ ጋና፣ ጋምቢያ፣ ማላዊና ማሊ በሽታውን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ማጥፋታቸው ሲረጋገጥ፣ ከዓለም የትራኮማ ሸክም ትልቁ ድርሻ ዛሬም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የያዘው ቀጠሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. 2030 ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በእኛ እምነት ዋናው ችግር ዘመቻው የሰጠውን እየቆጠረ የቀረውን ሰው አለመቁጠሩ ነው። ስንት ክኒን ታደለ፣ ስንት መጸዳጃ ቤት ተቆፈረ፣ ስንት ዓይን ተሠራ የሚለው በየሪፖርቱ አለ። ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ አምናም የቀረው እሱ ራሱ ነበር ወይ የሚለው ግን ከቀበሌው በላይ አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ ቀበሌውም አይጽፈውም።

ክኒኑ የማይደርሳቸው

የትራኮማ ስልት አራት እጅ አለው፦ የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ ለመላው ሕዝብ መድኃኒት ማደል፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። ከአራቱ ሕዝቡ ይበልጥ የሚያውቀው መድኃኒቱን ነው።

አሰራሩ ቀላል ይመስላል። አዚትሮማይሲን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ መጠን ይዋጣል። ለአዋቂ ባለ 250 ሚሊ ግራም ክኒን 4 ፍሬ፣ ማለትም 1 ግራም ነው። ለሕፃናት በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ቢሆንም በየመንደሩ ሚዛን ይዞ መዞር ስለማይቻል ልጁ መጠኑ በተቀለመበት የቁመት መለኪያ እንጨት አጠገብ ይቆማል፤ አናቱ የደረሰበት ምልክት ስንት ክኒን ወይም ስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ እንደሚሰጠው ይናገራል። ከ6 ወር በታች ላሉ ጨቅላዎች ክኒንም ሽሮፕም አይሰጥም፤ ለእነሱ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ነው።

በሥራ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። ቅባቱን እንውሰድ። ቲዩቡ ለእናቲቱ ተሰጥቶ ስሟ ሲመዘገብ ሕፃኑ «ታክሟል» ይባላል። ቅባቱ ግን ዓይን ያደበዝዛል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ዓይኑን ያሻል፤ እናት በሳምንቱ ትተወዋለች። 6 ሳምንት ሙሉ መቀባቱን የሚያይ ሰው ከሌለ በቤቱ ውስጥ ያልታከመ ዓይን አለ። ሌላው ልጅን በግድ ማዋጥ ነው። የሚያለቅስን ልጅ አፍንጫ ይዞ ክኒን መክተት ትንታ ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ክኒን በደንብ ለማይውጥ ልጅ ሁሉ ሽሮፕ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ለቅሶው ሲበርድ መሰጠት አለበት። እምቢ ካለ ይደርና ነገ ይሞከራል። የሰልፉ ርዝመት የሚያስቸኩላት አዳይ ይህን የምትረሳው በሥልጠናው ስላልሰማች አይደለም፤ በቀን ማዳረስ ያለባት ሰው ስለበዛባት ነው።

«ለቀረው ልጄ ይዤለት ልሂድ» የሚል ጥያቄ በየሰልፉ ይነሳል። መልሱ አይሆንም ነው። መድኃኒቱ የሚዋጠው አዳዩ ፊት ነው፤ ቤት የሄደ ክኒን መሶብ ሥር ይቀራል ወይም ለሌላ ሕመም ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሰልፉ ላይ ጭራሽ የማይታየው ሰው ነው። የዘመቻው ግብ ቢያንስ 80 በመቶውን ሕዝብ ማዳረስ ነው። በ5,000 ሰው ቀበሌ ግቡ ተመታ ማለት 1,000 ሰው አልዋጠም ማለት ነው። ያ 1,000 ሰው በየዓመቱ በዕጣ ቢለዋወጥ ጉዳቱ ይቀልል ነበር። አይለዋወጥም። ንጋት ላይ ከብት ይዞ ወጥቶ ማታ የሚመለሰው እረኛ አምናም ዘንድሮም አልዋጠም። ለዓመት የተቀጠረ የሌላ ሰው ልጅ ከሆነማ በአሳዳሪው ቤተሰብ መዝገብ ላይ ስሙም የለ። ወደ ሌላ ጎጥ የተዳረች ሙሽራ ከአባቷ መዝገብ ወጥታ በባሏ መዝገብ ገና አልገባችም። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የወረደው ወጣት የሚመለሰው አዳዮቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ከእነዚህ መካከል ይበልጥ የሚያሳስበው እረኛው ነው፤ በሽታውን የሚያዛምተው የሕፃናቱ ዕድሜ ነውና፣ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ከታከሙት ታናናሾቹ ጋር በአንድ ቁርበት ላይ ይተኛል።

መዝገቡ ራሱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ሽፋኑ የሚሰላው ለተመዘገበው ሰው ነው። መዝገቡ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ከሆነ 95 በመቶ የሚለው ቁጥር ያስደስታል እንጂ እውነቱን አይነግርም። አንዳንድ ቀበሌ ሽፋኑ ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ሪፖርት ሲመጣ ወረዳው ማመስገን ሳይሆን መዝገቡን አስመጥቶ ማየት ነው ያለበት፤ ከጎረቤት ቀበሌ የመጡ ሰዎች ዋጡ ወይስ የሕዝቡ ቁጥር ተሳስቷል? ቤት ለቤት የሚደረገው ምዝገባ ከእደላው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ካልታደሰ የቀረውን ሰው ለመፈለግ መነሻ አይኖርም።

ቀኑን መምረጥም የቀበሌው ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 በተጀመረው የወባና የትራኮማ ሳምንት ክልሉ ለሁለት ተከፍሎ በየስድስት ወሩ ለግማሹ በተራ ሲታደል ቆይቷል። የኅዳሩ እደላ ከ15 በኋላ ከዋለ ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ጧት ክኒን ይዞ የሚመጣ አዳይ ጾሙን ባልፈታ ሰው ፊት ይቆማል። ጠበል የያዘ ሰውም ከመድኃኒት ጋር አላደባልቅም ይላል። ይህን አለማወቅ ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ቀኑ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተማክሮ ሲወሰን፣ ቅዳሴ ሲያበቃ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲታደልና ቄሱ በሕዝብ ፊት አስቀድመው ሲውጡ የሚነሳው ጥያቄ ይቀንሳል። የ12 ሚካኤል፣ የ21 ማርያም ቀን ሰው እርሻ ስለማይወጣ ለእደላ የተመቸ ነው። ገበያ ቀን ግን ይመስላል እንጂ አይመችም፤ ሰው ይበዛል፣ ከየት ቀበሌ እንደመጣ ግን ማን ይመዘግበዋል?

መድኃኒቱ እንደሚሠራ ጥርጥር የለውም። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በተካሄደው ጥናት በየዓመቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ባክቴሪያው ያለባቸው ሕፃናት በ42 ወር ውስጥ ከ42 በመቶ ገደማ ወደ 2 በመቶ ወርደዋል። እዚያው በታከሙት ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ማነሱም ተመዝግቧል። እደላው ሲቆም ግን በሽታው እንደገና አንሰራራ። ከዚህ የምንረዳው የከረረ በሽታ ባለበት ወረዳ አንድ ዓመት መዝለል የአንድ ዓመት ኪሳራ ብቻ አለመሆኑን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የተነሳው ጦርነትና ከዚያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጤና ኬላዎችን አውድሟል፣ መንገድ ዘግቷል፣ እደላም አቋርጧል። እነዚህ ወረዳዎች ሰላም ባገኙበት ሰሞን ካቆሙበት እንደሚቀጥሉ አድርጎ ማቀድ አይገባም። ለእንዲህ ያሉ ቦታዎች ከዓመት አንድ ጊዜ በላይ መስጠት፣ በተለይ ሕፃናቱን በዓመት ውስጥ ደግሞ ማከም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በአማራጭነት የተቀበለው መንገድ ነው።

ቀዶ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ ያለው

የተቀለበሰ ቆብን የሚያስተካክለው የዓይን ስፔሻሊስት አይደለም፤ ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ነው። ሥራው በጤና ጣቢያ ወይም በዘመቻ ጊዜ በተዘጋጀ ንጹሕ ክፍል ይሠራል። ቆቡ በሊዶኬይን ይደነዝዛል፣ ይቆረጣል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ሴትዮዋ ዓይኗ ታስሮ ታድራለች፣ በማግስቱ ይፈታል፣ ክሩ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ከቀዶው በኋላ አንድ መጠን አዚትሮማይሲን መዋጥ ጸጉሩ ተመልሶ የመታጠፍ ዕድሉን እንደሚቀንስ እዚሁ ኢትዮጵያ፣ ወላይታ ውስጥ በተሠራ ጥናት ታይቷል።

ስለ አቆራረጡ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች አሉ። አንደኛው የቆቡን ሙሉ ውፍረት ይቆርጣል፤ ሁለተኛው የውስጠኛውን ሽፋን ብቻ ቆርጦ ያዞራል። በአማራ ክልል በ1,000 ሕሙማን ላይ ሲነጻጸሩ በ12 ወር ውስጥ ጸጉሩ ተመልሶ የታጠፈባቸው በመጀመሪያው 22 በመቶ፣ በሁለተኛው 13 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በተሻለው ዘዴም ቢሆን ከ8 ሴት አንዷ ያህል በዓመቱ ወደ ወረንጦዋ ትመለሳለች። ለዚህ ነው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የሚደረገው ክትትል እንደ ትርፍ ሥራ መታየት የሌለበት። ስፌቱ የላላ፣ አቆራረጡ ያጠረ፣ ቆቡ ጠማማ የዳነ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው፤ የትኛው ባለሙያ እጁን እንደገና ማፍታታት እንዳለበትም የሚታወቀው ያኔ ነው። በየመንደሩ ለቀዶው ትልቁ እንቅፋት የከሸፈ ቀዶ ነው። ጎረቤቷ ተሠርታ ሕመሙ የተመለሰባት ሴት በምንም ስብከት አትመጣም።

የማይመጡበትን ምክንያት በዝርዝር መያዝ ያስፈልጋል። ሕክምናው በነጻ ነው፤ ቢሆንም የሚያደርሳት ሰው፣ ዓይኗ ታስሮ ሳለ እንጀራ የሚጋግር፣ ሕፃኑን የሚይዝ ትፈልጋለች። አጨዳ ላይ ከሆነ ባሏ አይለቃትም። ስለዚህ የዘመቻው ቡድን በእግር ሊደረስ ወደሚችል ጤና ኬላ ሲወርድ፣ ከመኸር ሥራ ውጭ ባለው ወር ሲመጣና አንድ አጃቢ አብሮ እንዲመጣ ሲፈቀድ ቁጥሩ ይለወጣል። እድር በዚህ ረገድ ያልተነካ አቅም ነው። ለቀስተኛ ቤት ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ ተራ ያለው እድር ለተሠራች ሴት ቤት የሁለት ቀን ተራ መመደብ አያቅተውም።

ቀዶውን ፈጽሞ ያልፈለገችና ጥቂት ጸጉር ብቻ የታጠፈባት ሴት ብትኖርስ? ጫፉ በሚገባ የሚገጥም፣ ለዚሁ የተሠራ ወረንጦ ተሰጥቷት፣ ነቃዩ ዘመዷ ጸጉሩን ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ተምሮ፣ በየጊዜው እየታየች መቆየት ትችላለች። በክልሉ የተሠራ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎች እይታቸው ከተሠሩት ያልባሰ መሆኑን አሳይቷል። ያ የቀጥቃጭ ወረንጦ ግን መቅረት አለበት።

ሕመምተኛዋን የሚያገኛት ማነው? እዚህ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የሴቶች ልማት ቡድን መሪዋ የማይተኩ ናቸው። ባትሪ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ወደ ፊት እንዲመለከቱ አድርገው፣ ቆቡን ሳይነኩ፣ አንድም ቢሆን ብሌኑን የሚነካ ጸጉር መኖሩን ያያሉ፤ የተነቀለ ጸጉር ጉቶም ይቆጠራል፣ አንገት ላይ ያለው ወረንጦም ይጠየቃል። ሥልጠናው ሲያጥር ግን ዓይኑን ያመመውን ሁሉ ይልካሉ። የሞራ ግርዶሽ ያለባቸው አዛውንት ሦስት ሰዓት ተጉዘው «የአንተ ሌላ ነው» ተብለው ሲመለሱ ቀጣዩ ጥሪ ሰሚ ያጣል። የሞራ ግርዶሹን ስምም በሌላ ገጽ ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚልክ መዝገብ ቢኖር ያ ጉዞ ከንቱ አይቀርም ነበር።

10,000 ታቅዶ 90,000 የተቆፈረበት ዓመት

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ስለ ኅብረተሰብ ትብብር ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2004 የሆነው ነው። በአማራ ክልል በመርሐ ግብሩ ወረዳዎች 10,000 መጸዳጃ ቤት ለማሠራት ታቅዶ በዓመቱ ወደ 90,000 ገደማ ተሠራ። ገንዘብ አይደለም ያሠራው፤ ጉዳዩን የያዙት ሴቶቹ ናቸው። ወንድ በፈለገው ሰዓት ከቁጥቋጦ ኋላ ይወጣል። ሴት ግን ቀን ለቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነባት ወይ ንጋት ሳይቀድ ወይ ጨለማ ሲይዝ ብቻ ትወጣለች፤ ሆዷን እያመማት ትውላለች፣ ጨለማ ውስጥ ጅብም ሰውም ትፈራለች። መጸዳጃ ቤቱ ለእነሱ ከዓይን በሽታ በፊት የክብር ጉዳይ ነበር። ይህን የተረዱት ባለሙያዎች ስለ ባክቴሪያ መስበክ ትተው ሴቶቹ ባሎቻቸውን ያስቆፈሩበትን ምክንያት ተከተሉ። ትብብር የሚጸናው እንዲህ ሕዝቡ የራሱን ምክንያት ይዞ ሲገባበት ነው።

ከትራኮማ ጋር የሚያገናኘው ዝንቡ ነው። የሕፃናትን ዓይን የሚያዘወትረው ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው ይበልጡን ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ላይ አይራባም። ጋምቢያ ውስጥ በተሠራ ጥናት መጸዳጃ ቤት የተሠራላቸው መንደሮች ሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በ30 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የግድ አይደለም፤ የግድ የሚሆነው ሁሉም ቤተሰብ፣ ሁሉም ሰው መጠቀሙ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሕፃናቱ ነው። የሕፃን ሰገራ አይጎዳም ተብሎ ከቤት ኋላ ይጣላል፤ ዝንቡ የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። ትንሽ ልጅ እንዳይፈራ ቀዳዳው ጠበብ ብሎ መሠራት፣ ከዚያ በታች ያለው ሕፃን ከተጸዳዳ በኋላ በአካፋ ተነስቶ ጉድጓድ መግባት አለበት።

ከተቆፈሩት ውስጥ ከጥቂት ክረምት በኋላ ስንቱ ቆሞ ይገኛል? በዋልካ አፈር ላይ ያለ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ያብጥና ይናዳል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ማገሩ የባሕር ዛፍ ግንድ ከሆነ ምስጥ በዓመት ሁለት ዓመት ይበላዋል፤ አንድ ቀን ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ቤተሰቡ ጥሎት ወደ ሜዳ ይመለሳል። ጉድጓዱን ከ2 እስከ 3 ሜትር አውርዶ አፉን ቢያንስ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት በድንጋይ መካብ፣ ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ ማውጣት፣ ከምንጭም ከጉድጓድ ውሃም ቢያንስ 30 ሜትር ማራቅና ቁልቁል ማድረግ፣ ግንዱን በተቃጠለ ዘይት መቀባት፣ ቀዳዳውን በክዳን መዝጋትና አመድ መነስነስ ዕድሜውን ያረዝማል። ለግምገማ ቀን ተጣድፎ የተቆፈረው ግን ይህን አያገኝም። በሪፖርት «ሽፋን» የተባለው ቁጥር ውስጥ የፈረሱት አይቀነሱም። መጸዳጃ ቤቱ መንገዱ የተረገጠ ነው ወይስ ሣር በቅሎበታል፣ ደጃፉ ላይ ሸረሪት አድርቷል ወይ፣ በጓሮው ትኩስ ሰገራ አለ ወይ የሚሉትን ሦስት ነገሮች በዓይን ማየት ከማንኛውም ቅጽ የበለጠ ይናገራል።

ፊት መታጠብና የዋግ ውጤት

ፊት ለማጠብ ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ አንድ ሊትር በጥንቃቄ ከተንጠባጠበ ለብዙ ሕፃናት ይበቃል። የሃይላንድ ኮዳ ጎን ላይ በጋለ ምስማር በስቶ የስክሪፕቶ ቀፎ መክተት፣ ክዳኑን ማጥበቅ ነው፤ ክዳኑ ሲላላ ውሃው ይወርዳል፣ ሲጠብቅ ይቆማል። ይህን ደጃፍ ላይ ሰቅሎ ጧት ልጁ ፊቱን ሳይታጠብ እንዳይወጣ ማድረግ ማንም የሚችለው ነው። ግን ውሃው ሁለት ሰዓት መንገድ የሚቀዳ ከሆነ እናት ጀሪካኑን ለወጥ፣ ለቡና፣ ለመጠጥ ታከፋፍላለች፣ ፊት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህ የውሃ እጥረት ያመጣው ምርጫ ነውና እናትን መውቀስ ትክክል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚጎረብጥ እውነት አለ። በዋግ ኽምራ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 40 መንደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለግማሾቹ የውሃ ነጥብ፣ የፊት መታጠብ ትምህርት፣ ሳሙናና የመጸዳጃ ቤት ቅስቀሳ ለሦስት ዓመት ተሰጠ፤ ለግማሾቹ አልተሰጠም። በመጨረሻ ሲለካ በሕፃናቱ ዓይን ያለው ባክቴሪያ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላሳየም። ይህን መሸፋፈን አይገባም። ውሃና ንጽሕና ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም፤ ተቅማጥን፣ የሴቶችን ድካም፣ የጋራ ክብርን የሚነኩ ናቸው። ነገር ግን በሽታው በከረረበት ቦታ ያለ መድኃኒት በሦስት ዓመት ውስጥ ትራኮማን ያቆማሉ ብሎ ለሕዝብ ቃል መግባት ከመረጃው ጋር አይሄድም። የሞሮኮና የጋና ልምድ አራቱን እጆች አብሮ መያዝ ነበር፤ የእኛም ወረዳዎች ክኒኑን ትተው በሳሙና ብቻ፣ ወይም ሳሙናውን ትተው በክኒን ብቻ መሄድ አይችሉም።

ሸክሙ የማን ነው?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በመጨረሻ የሚወርደው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ ደመወዝ ያላት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ደመወዝ የሌላት የልማት ቡድን መሪ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ባለሙያዎች ይመደባሉ። ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የወባ ምርመራ፣ የምግብ እጥረት ልየታና የጤና መድን ምዝገባ የእነሱ ነው። የትራኮማ ሳምንት የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ያለ ክፍያ 30 ቤት ያህል የምትከታተለው የቡድን መሪ ደግሞ የራሷ ማሳ፣ የራሷ ሕፃን አላት። በዓመት አንድ ጊዜ ለእደላ የምትጠራ ከሆነ ትመጣለች። በየወሩ ለሌላ ለሌላ ዘመቻ የምትጠራ ከሆነ ግን ቤት ለቤት መዞሩ ይቀርና ቅጹ ከቤቷ ሆኖ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር ሁሉ የሚቆመው በዚያ ቅጽ ላይ ነው። የዘመቻውን የትራንስፖርትና የውሎ አበል በሰዓቱ መክፈል፣ የዘመቻ ቀኖችን በወረዳ ደረጃ እንዳይደራረቡ ማድረግና ለእያንዳንዷ የምትደርሰውን ቤት መቀነስ በጀቱ ላይ ትንሽ፣ ሥራው ላይ ትልቅ ለውጥ ነው።

ቀበሌው ሊጀምረው የሚችለው ሥራ አንድ ደብተር ይበቃዋል። እደላው ባለቀ ማግስት ያልዋጡት ስም በየጎጡ ይጻፋል፤ ከስሙ አጠገብ የት እንዳለ፣ እረኛ፣ ሰሊጥ የሄደ፣ ጠበል የያዘ፣ ታሞ የተኛ እየተባለ ይጠቀሳል። በሳምንቱ አዳዮቹ በማታ ወደ እረኞቹ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ ወደ ጠበሉ ቦታ ይመለሳሉ። ያው ስም በሁለተኛው ዓመት ከተደገመ የቤቱ ሕፃናት ዓይን ይታያል። በሌላ ገጽ ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰ ሰዎች ስም፣ የተሠሩበት ቀን፣ በ6 ወሩ የታየው፣ እምቢ ያሉትም ከነምክንያታቸው ይኖራል።

በሽታው ጠፋ ለመባል ከተቀመጡት መስፈርቶች አንዱ ከ15 ዓመት በላይ ካሉት ውስጥ የጤና ሥርዓቱ የማያውቃቸው የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ያለባቸው ሰዎች ከ0.2 በመቶ በታች መሆናቸው ነው። 2,700 አዋቂ ባለው ቀበሌ ይህ 5 ሰው ነው። እምቢ ያለችውም፣ ተሠርታ የተመለሰባትም ስሟ ደብተሩ ላይ ካለ ከአምስቱ ውስጥ አትቆጠርም፤ ትታወቃለችና። የምትቆጠረው በማንም መዝገብ ላይ የሌለች፣ ከመንገድ የራቀ ጎጆ ውስጥ፣ ወረንጦዋን ማተቧ ላይ አስራ የተቀመጠችው ናት።